የአያ ሰይድ ማንቆርቆሪያ

አያ ሰይድ መሞታቸውን የሰማሁት ቆቦ መናኸሪያ፣ የወልድያ ትኬት ለመቁረጥ ተሰልፌ ሳለሁ ነው። ከኋላዬ የቆመች ሴት ለጓደኛዋ፣ "ያ በአህያ ውሃ ያመላልሱ የነበሩት ሽማግሌ እኮ ዐረፉ። ሦስት ሳምንታቸው" አለቻት። ጓደኛዋም፣ "ውይ! እሳቸውስ መልአክ ነበሩ። በዕድሜያቸው አንድ ክፉ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም" አለች።

እኔ ዞር ብዬ፣ "ይቅርታ፣ ይሄ እንኳ ትክክል አይደለም" አልኩ።

ይህ በሽታዬ ነው። የሰው ሞት ሲነገረኝ ከዕንባ በፊት እርማት ይመጣብኛል። ሴቶቹ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከሰልፉ ወጥቼ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ዕንባው የመጣው እዚያ ነው። አውቶቡሱም ጥሎኝ ሄደ። ለሴቶቹ ሳልጨርሰው የቀረውን እርማት እነሆ እዚህ እጽፈዋለሁ።

አያ ሰይድ መልአክ አልነበሩም። ሁለት አህዮች ነበሯቸው፤ ዘገምተኛውን "ዳኛው" ይሉታል፣ ሌላውን ደግሞ ዳኛው ሲቆም የሚቆም ስለሆነ "ጸሐፊው" ይሉታል። በየማለዳው ያ ሰፈር የሚነቃው በዶሮ ሳይሆን ዳኛው ላይ በሚወርደው እርግማን ነበር። "አንተ ጅብ የናቀህ! አንተ የዝናብ ምቀኛ! ተንቀሳቀስ፣ ቀጠሮ አትስጠኝ!" ጠዋት ጠዋት የማነበውን ምዕራፍ ከዚያ ድምፅ ለይቼ ማስታወስ እስኪያቅተኝ ድረስ ሰምቼዋለሁ።

በስልሳ አምስቱ ድርቅ የሃያ ሦስት ዓመት ሴትና የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲሰሙ የሚስቁ ሰዎች አሉ፤ ይሳቁ። ፊደል የቆጠርኩት ከባል ቤት ከወጣሁ በኋላ ነው። ክፍል ውስጥ በዕድሜ ግማሼ ከሆኑ ልጆች ጋር፣ ጉልበቴን ዴስክ እየላጠኝ እቀመጥ ነበር። ዘግይቶ የተማረ ሰው አንድ ችግር አለበት፤ የተጻፈ ሁሉ እውነት፣ የተነገረ ሁሉ ውል ይመስለዋል። እኔ ዘንድ ሁለቱም ሥር ሰድደው ነበር።

የምኖረው እትዬ የሺ ግቢ ውስጥ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ነው። እትዬ የሺ ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ረጅም የሆነ ባልቴት ነበሩ። አያ ሰይድ ደግሞ በአጥር ብቻ የምንለያያቸው ጎረቤታችን ናቸው። ጎህ ሳይቀድ አህዮቻቸውን ነድተው ወደ ሮቢት አቅጣጫ፣ ወደ ደረቀው ወንዝ ይወርዳሉ። አሸዋውን ክንዳቸው እስከ ብብት እስኪገባ ይቆፍሩና ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ውሃው ከአሸዋው እየለቀቀ ሲጠራቀም በቅል እየጨለፉ አራት ጀሪካን ይሞላሉ። እኩለ ቀን ላይ ይመለሳሉ። ሦስቱን ይሸጣሉ፤ አራተኛዋ የመንገደኛ ናት።

መንገደኛ ስል በዚያ ዓመት በአውራ ጎዳናው ወደ ደቡብ ይጎርፍ የነበረውን ሕዝብ ማለቴ ነው። አያ ሰይድ መንገዱ ዳር ዳኛውን ያቆሙና (እሱ ለመቆም እንኳ ትእዛዝ አያስፈልገውም ነበር) ግማሽ ቅል ይቀዳሉ። ቅሉን ግን ለማንም አይለቁም። በሁለት እጃቸው ይዘው፣ "ቀስ! ቀስ በል አንተ! ውሃው አይሸሽህም፣ እኔም አልሸሽህም!" እያሉ ይጮኻሉ። የተጠማው ሰው ይጎትታል፤ እሳቸው ይይዛሉ። እኔ ይህን አይቼ ስስት መሰለኝ። አንድ ቀን ድፍረቴን ሰብስቤ፣ "አያ ሰይድ፣ ለምን ሙሉ ቅል አይሰጧቸውም?" አልኳቸው።

"ሙሉ ቅል የሰጠሁት ሰው በአንድ ትንፋሽ ጨልጦት፣ እዚያ ግራር ሥር ነው የተቀበረው" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ውሃ ለጥቂት ቀናት ጥያቄ አልጠየቅኩም። ለጥቂት ቀናት ብቻ።

አንድ ቡችላ እጄ የገባው ግንቦት ላይ ነው። ከሜዳው፣ ከወደ ምሥራቅ የመጣ ሞላ የሚባል ገበሬ በራችን ላይ ቆመ። ሚስቱ ሳትቆም መንገዷን ቀጥላለች። ሰውዬው ከነጠላው ውስጥ አመድማ ቡችላ አወጣና እግሬ ሥር አስቀመጠው።

"እህትዓለም፣ እስክመለስ ያዢልኝ። አደራ።"

"መቼ ይመለሳሉ?"

"እስክመለስ።"

"በቀን ስንት ጊዜ ነው የሚበላው? ከምንስ ይከለከላል?"

ሰውዬው ለረጅም ጊዜ አየኝ። "አደራሽን" አለና ዞሮ ሳያይ ሄደ። እኔም ወደ ክፍሌ ገብቼ ደብተሬ ላይ "እስኪመለስ ድረስ" ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ አሰመርኩ። አደራ ነዋ።

ምግቡ አላስቸገረኝም። ለመናገር ይከብዳል እንጂ በዚያ ዓመት ራያ ውስጥ ያልተራበው ውሻ ብቻ ነበር፤ ከብቱ በየሜዳው ወድቆ ነበርና። የቸገረኝ ውሃው ነው። ቡችላው በሸክላ ጣባ ውሃ ሲቀመጥለት ሁለት ጊዜ ይልሳል፤ ከዚያ ሁለቱን የፊት እግሮቹን ጣባው ውስጥ ይከትና መቆፈር ይጀምራል። ውሃው ወደ ጎን ይረጫል፣ ጣባው ይገለበጣል፣ እሱ ጭቃው ላይ ይንከባለላል። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ትልቅ ሥራ እንደሠራ ሰው ያየኛል።

"ኧረ ጉድ!" ይላሉ እትዬ የሺ ከበራቸው። "ሰው በጥም እየወደቀ የተማሪዋ ውሻ ጠበል ይጠመቃል!"

በጤና አጠባበቅ መጽሐፌ ስለ ቤት እንስሳት ግማሽ ገጽ ነበረች። "ንጹሕ ውሃ በንጹሕ ዕቃ፣ በተወሰነ ሰዓት" ትላለች። እኔም ሰዓት ወሰንኩ። በትምህርት ቤቱ ደወል፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ደንቡን በቁም ጽሕፈት ጽፌ በሬ ላይ ለጠፍኩት። ማን እንዲያነበው እንደሆነ እስካሁን አላውቅም፤ እትዬ የሺ ማንበብ አይችሉም፣ ቡችላውም ገና ሕፃን ነበር። ደንቡ አልሠራም። በሰዓቱ ይጠጣል፣ በሰዓቱ ይገለብጣል።

ቀጥዬ ዕቃው ከባድ ቢሆን አይገለበጥም ብዬ የእትዬ የሺን ሙቀጫ ተሸክሜ አመጣሁ። አልተገለበጠም። ቡችላው ገብቶበት ተቀመጠ። እትዬ የሺ በርበሬያቸውን ሊወቅጡ ሲመጡ ሁለት ጆሮ ብቻ ከሙቀጫው አፍ ብቅ ብሎ አገኙ፤ የዚያን ቀን የሰማሁትን እዚህ አልጽፈውም። ጣባው ውስጥ ድንጋይ አስቀመጥኩ፤ ድንጋዩን ቆፍሮ አወጣው። በመጨረሻ ጣባውን በእጄ ይዤ፣ በሌላው እጄ ጂኦግራፊ እያነበብኩ ማጠጣት ጀመርኩ። ስለ ደመናና ስለ ዝናብ የሚለው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ውሻውን ረሳሁት። ሲዘል ጣባውም መጽሐፉም መሬት ወረዱ። ዝናብ በሌለበት አገር ከዝናብ ምዕራፍ ውሃ ስጨምቅ ዋልኩ።

አያ ሰይድ ይህን ሁሉ በአጥሩ ላይ አገጫቸውን አስደግፈው ያዩ ነበር። "ተማሪ፣ ዛሬስ ምን ይላል መጽሐፉ?" ይሉኛል። ስነግራቸው በቁም ነገር ያደምጡኛል፤ እንደ ታላቅ ወንድም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ከዚያ ወደ ዳኛው ዞረው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ይስቃሉ።

አንድ ሐሙስ ግን የሚሳቅ አልሆነም። ቡችላው ጣባውን ገና ገልብጦ ሳለ አንዲት ሴት አጥራችንን ይዛ ቆመች። ከደጋ የወረደች ናት፤ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። "ስለ ማርያም፣ ውሃ" አለች። የራሴን ጣሳ አመጣሁላት። እንደ አያ ሰይድ ጣሳውን አልለቅም ብዬ፣ "ቀስ" አልኳት። ቀስ ብላ ጠጣች። ሲበቃት እግሬ ሥር ያለውን ጭቃ አየችው፤ ቡችላውንም አየችው። "ተመስገን" ብላ ሄደች።

እትዬ የሺ በራቸው ላይ ቆመው ነበር። ያን ቀን አልጮኹም፤ ይልቅ ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ስሚ ልጄ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ይሄ መሬት ደርቆ ማየት እፈልጋለሁ። ካልሆነ ውሻው ይወጣል። እሱን ተከትዬ እወጣለሁ ካልሽም መንገዱ ያው፣ በሰው ተሞልቶልሻል።"

እውነታቸውን ነበር፤ ያስጨነቀኝም እሱ ነው። ቢሳሳቱ ኖሮ አርማቸው ነበር። በዚያ ግንቦት ቡችላ መንገድ ላይ ማውጣት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። ሞላ ነገ ቢመጣስ? "የሚጠጣበት ዕቃ ስላጣሁለት ጣልኩት" እለዋለሁ? ሌሊቱን ደብተሬ ላይ ያሰመርኩባትን ቃል እያየሁ አደርኩ። ትልቅ ሴት ሆኜ፣ በአንድ ውሻ የመጠጥ ጠባይ እንቅልፍ አጣሁ።

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ አያ ሰይድ ለጁምዓ ሊዘጋጁ ማንቆርቆሪያቸውን ሞልተው ከአጥሩ ሥር አስቀመጡ። ክዳኗ የጠፋ፣ ጥቀርሻ የበላት አሮጌ የአሉሚኒየም ማንቆርቆሪያ ናት፤ ለሶላት የሚታጠቡባት ሌላ ዕቃ አልነበራቸውም። እሳቸው ጸሐፊው ላይ የተጣበቀውን ኮርቻ ሲፈቱ ቡችላው በአጥሩ ቀዳዳ ሾለከ። ደርሼ ሳይ አፉ ከነአፍንጫው ማንቆርቆሪያዋ ውስጥ ነው።

"ወይኔ! አያ ሰይድ! ነጀሰብዎት!" ብዬ ጮኽኩ።

ውሻ አፉን የነከረበት ዕቃ በሃይማኖታቸው ሰባት ጊዜ እንደሚታጠብ፣ አንዱም በአፈር እንደሆነ እኔ ክርስቲያኗም አውቃለሁ፤ ወሎ ያደገ ሰው ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገውም። ሰባት እጥበት! በዚያ ዓመት! ዘልዬ ልይዘው ስል አያ ሰይድ ክንዴን ያዙኝ።

"ዝም በይ። ተመልከቺ።"

"ምኑን ልመልከት? ውሃዎን ጨረሰው እኮ!"

"እግሩን ተመልከቺው ነው የምልሽ።"

ቡችላው አፉን አወጣና እንደ ልማዱ ሁለቱን የፊት እግሮቹን ሊከት ሞከረ። አልገባም። ዞረ፣ በሌላው በኩል ሞከረ። የማንቆርቆሪያዋ አፍ ለአፍንጫ እንጂ ለሁለት እግር አይበቃም። ቢቸግረው ዙሪያዋን ያለውን አፈር ትንሽ ጫረና ተመልሶ ጠጣ። አንዲት ጠብታ መሬት አልነካችም።

አያ ሰይድ ቁጢጥ ብለው ተቀመጡ። "አየሽ? ይሄ ልጅ የሚጫወት መስሎሽ ነው ስትቀጪው የከረምሽ። እየሠራ እኮ ነው! እናቱ ሜዳው ላይ ውሃ የጠጣችው አሸዋ ቆፍራ ነው፤ ውሃ ማለት የሚቆፈር ነገር ነው ለሱ። ሸሪኬ ነው፣ ወላሂ! እኔንም ጣባ ብታቀርቢልኝ ሳልቆፍር አልጠጣልሽም።"

"መጽሐፉ ላይ ግን ይህ የለም" አልኩ።

"መጽሐፉን የጻፈው ሰውዬ ውሃ ከግድግዳ የሚወርድለት ይሆናላ።"

አፈርኩና ወደ ማንቆርቆሪያዋ ተመለስኩ። "የኔን ውሃ ላምጣ፣ አሁኑኑ አጥብልዎታለሁ። ሰባት ጊዜም ቢሆን። የሦስት ቀን ውሃ አለኝ" አልኳቸው።

"የሰባት እጥበት ውሃ ስንት ግማሽ ቅል ይወጣዋል? አንቺ ሒሳብ ታውቂያለሽ፣ ንገሪኝ" አሉ። ከተቀመጡበትም ተነሡ። "አብሽሪ። ማንቆርቆሪያዋ የሸሪኬ ሆነች።"

ከጀሪካኑ ሥር የተጠራቀመውን የወንዝ አሸዋ በጆንያ ተሸክመው ወደ ግቢያችን መጡ። ጉድጓድ ማሱ። ማንቆርቆሪያዋን እስከ አንገቷ ቀበሯት፤ የጡቷን ቀዳዳ በጨርቅ ወተፉት፣ ዙሪያዋን በአሸዋው ሞሉት። ቡችላው መጥቶ አሸዋውን በሁለት እግሩ ቆፈረ፣ ቆፈረ፣ ከዚያ ወደ ማንቆርቆሪያዋ አፍ ዘለቀና ውሃውን ጠጣ። ከዚያ አሸዋው ላይ ተዘርግቶ ተኛ። ያን ያህል የረካ ፍጡር በዚያ ወር ቆቦ ውስጥ አልነበረም።

አያ ሰይድ ንጹሕ አፈር ላይ መዳፋቸውን መታ መታ አድርገው ፊታቸውንና እጃቸውን አበሱና ወደ መስጊድ ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ያ ክረምት እስኪገባ ለሶላት የተዘጋጁት እንዲሁ በአፈር ነው። እኔ መቼም አላርፍም፤ አንድ ቀን፣ "ውሃ ቀጂ ሆነው በአፈር? ይፈቀዳል?" አልኳቸው። "ውሃውን መንገድ ላይ ሰው ይጠብቀዋል። አፈሩን ማንም አይጠብቀው" አሉና ዳኛውን በዱላ ነካ አደረጉት። "አንተ ደግሞ ማንን ትጠብቃለህ? ሂድ!"

እሑድ እትዬ የሺ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ነጠላቸውን ሳይፈቱ መጥተው መሬቱን በእግራቸው ነካኩት። ደረቅ ነው። ዙሪያውን ዞሩ። ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው ዳበሱት። "ሰውዬው ማንቆርቆሪያውን ቀበረ?" አሉኝ።

"አዎ።"

"የሚጸልይባትን?"

"አዎ።"

"እንግዲህ ይኑር" ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ። ማታ ላይ ሙቀጫቸውን ራሳቸው አጥበው ሲያሰጡ አየሁ፤ ስለ ውሻውም ዳግመኛ ክፉ አልተናገሩም። ስለ እኔ ግን አላቆሙም።

የቡችላው ጭንቅላት አድጎ በማንቆርቆሪያዋ አፍ አልገባ ሲል ዝናብ ጣለ። መስከረም ላይ ሞላ መጣ። ብቻውን ነው፤ ነጠላውን የተሸከመው ትከሻው ሳይሆን አጥንቱ ነበር። አያ ሰይድ በራችን ላይ ጀሪካን እያወረዱ ነበር።

"ባለቤትዎስ?" አልኩት።

"ወልድያ ቀረች" አለ።

በሕይወቴ አንዴ፣ ያን ቀን፣ ተጨማሪ ጥያቄ አልጠየቅኩም።

ሞላ የመጣው መንገዱ በእኛ በር ስለሚያልፍ ውሃ ሊለምን ነበር። ውሻው ከጓሮ ወጥቶ ሲጮህበት አፉ ተከፍቶ ቀረ። "ይሄ... ያ ነው?"

"ያ ነው እንጂ! አደራ ብለውኝ የለም እንዴ?" አልኩት። ቅር ሳልሰኝ አልቀረሁም። ደብተሬን ላሳየውም አስቤ ነበር።

ሰውዬው በሩ ሥር ተቀመጠ። "እኔማ" አለ፣ "እጄ ላይ ሲሞት ላለማየት ነው ያልኩሽ። ዝም ብዬ ጥዬው እንዳልሄድ... አደራ አልኩሽና ሄድኩ። እመለሳለሁ ብዬ አይደለም። ሰው ለልጁ ባጣበት ቀን ውሻ ይይዙልኛል ብዬ አይደለም።" ከዚያ እጁን ዘረጋ። ውሻው አላወቀውም። ሰውዬው አጠር ያለ ፉጨት አፏጨ፤ ውሻው ቆመ፣ ጆሮውን አቀና፣ እየተጠራጠረ መጥቶ እጁን አሸተተው። ሞላ ፊቱን ውሻው አንገት ውስጥ ቀበረ። አብረው ወደ ሜዳው ሲወርዱ መንገዱ እስኪሰውራቸው አየኋቸው።

እኔ ቆሜ ቀረሁ። ደንቡ፣ ሙቀጫው፣ የተሰመረባት ቃል ሁሉ በአንዴ ፊቴ ላይ መጣብኝ። ለካ አገር ሁሉ የሚያውቀውን፣ ማንም ለማንም የማይገልጸውን ነገር ብቻዬን እንደ ውል ይዤ አራት ወር ስሮጥ ከርሜያለሁ። ላለማልቀስ ማንቆርቆሪያዋን ከአሸዋው አወጣሁና ማጠብ ጀመርኩ፤ አሁን ውሃ ሞልቷል። አያ ሰይድ አጠገቤ ቆመው ይቆጥራሉ። ሰባተኛውን ስጨርስ፣ "ስድስት" አሉ።

"ሰባት ነው! እኔ እቆጥር ነበር።"

"በአፈር ያሸሽውን ሳታለቀልቂው ነው የቆጠርሽው። ስድስት።"

ልክ ነበሩ። ደገምኩት። ሳሰጣት ቀና ሳልል፣ "አያ ሰይድ፣ ሰውዬው አደራ ሲል ምን ማለቱ እንደነበር ያውቁ ነበር?" አልኳቸው።

"አውቅ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም? መሳቂያ ሆኜ ስከርም!"

ማንቆርቆሪያዋን ከእጄ ወሰዱና ውስጧን አዩ። "በዚያ መንገድ ስንቱ 'እመለሳለሁ' ብሎኝ አልፏል መሰለሽ። ኢንሻ አላህ እላለሁ፣ ግማሽ ቅል እሰጣለሁ፤ አንዱንም አላመንኩትም። ከዚያ አንቺ ሙቀጫ ተሸክመሽ ስትሮጪ አየሁ። ይቺ ሴት አንድ ሰው ከዚያ መንገድ ይመለሳል ብላ እየጠበቀች ነው አልኩ። እንዴት ብዬ ልንገርሽ?"

"እኔ እኮ የጠበቅኩት ስላልገባኝ ነው" አልኳቸው።

"ይሁና" አሉ። "እኔስ ገብቶኝ ምን ጠቀመኝ?"